አምስት ሣጥን ለአዳማ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የምነግራችሁ ነገር አንዱ አንዱን እየጎተተ የሚሄድ ነው። እየደጋገምኩ ስለማወራው ማንም መሐል ላይ አይጠፋብኝም።

አዳማ ውስጥ ጋሽ ይርዳው የሚባሉ ሰው አሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የጂቡቲን መንገድ በባለተሳቢ መኪና የተመላለሱ ሹፌር ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ቦሎቄ ጭነው ወደ ወደብ ሲወርዱ፣ ከገዋኔ ወዲያ አንዲት መታጠፊያ ላይ ፍሬኑ እምቢ አላቸው። መኪናው ተገለበጠ፤ ቦሎቄው አሸዋ ላይ ፈሰሰ፤ የጋሽ ይርዳው ቀኝ እግርም ከጉልበታቸው በታች ተቆረጠ። ነፍሳቸው ስለተረፈች ጠዋት ማታ ያመሰግናሉ። አንድ ነገር ብቻ ከሆዳቸው አልወጣ አለ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ጭነት ተረክበው ሳያደርሱ የቀሩት ያን ቀን ብቻ ነው። ያቺን ጉዞ መጨረስ ፈለጉ። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

ልጃቸው ምሥራቅ ወፍጮ ቤት ውስጥ እህል እየመዘነች ትሠራለች። አንድ ቀን ከሬዲዮ ወሬ ሰማች። አዲስ አበባ ያሉ ወጣቶች የጂቡቲን መንገድ ጌም አድርገው ሠርተውታል። መተሐራው፣ አዋሹ፣ ገዋኔው፣ ሚሌው፣ ሁሉም አለበት። ሰው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ባለተሳቢ ይነዳል፤ ነዳጅ መስጠቱንም ፍሬን መያዙንም በእጅ ማድረግ ይችላል። ጌሙ ከባድ ስለሆነ በስልክ ኢንተርኔት አይወርድም፤ በፍላሽ ተጭኖ፣ በሣጥን ታሽጎ ነው የሚሸጠው። ስሙ በድንበሯ ከተማ ተሰይሞ «የጋላፊ መንገድ» ነው፤ ከአንድ ወር በኋላ ገበያ ይወጣል።

ምሥራቅ ቤት ገብታ ይህን ስትነግራቸው ጋሽ ይርዳው ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። ከዚያ የገዋኔዋ መታጠፊያ አለችበት ወይ ብለው ጠየቁ። አለችበት አለቻቸው።

«እንግዲያው እሷን አንድ ጊዜ ልለፋት» አሉ።

አዳማ ውስጥ ጌም የሚሸጡት ወይዘሮ ሐያት ናቸው። ምሥራቅ ከደመወዟ ቀንሳ ያስቀመጠችውን አንድ ሺህ ብር ይዛ ሱቃቸው ሄደች። የሣጥኑ ዋጋ ሁለት ሺህ አራት መቶ ነው አሏት። ይቀንሱልኝ ብትል አልቀንስም አሉ። ጨካኝ ሆነው አይደለም፤ ሒሳቡ ነው። ለአዳማ የተመደበው አምስት ሣጥን ብቻ ነው፤ እሱንም አከፋፋዩ በውድ ነው የሚያስረክባቸው። አምስት ሣጥን በርካሽ ሸጠው የሱቅ ኪራይ አይወጣቸውም። መቶ ሣጥን ቢመጣልኝ ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ አትርፌ በዘጠኝ መቶ እሰጥሽ ነበር፣ እስቲ አከፋፋዩን ጠይቂው ብለው አድራሻውን በወረቀት ጻፉላት። እግዜር ይስጥልኝ ብላ ተቀበለች።

እንግዲህ ባለሱቋ ዋጋ አልቀንስም አሉ፤ ጋሽ ይርዳውም ገዋኔ ላይ ቆሙ።

በዚያው ሳምንት የወፍጮ ቤቱ ሞተር ተበላሸና ሥራ ለሦስት ቀን ተዘጋ። ምሥራቅ ማልዳ ሚኒባስ ተሳፍራ አዲስ አበባ ገባች። አከፋፋዩ አቶ ግርማቸው መርካቶ ውስጥ መጋዘን አላቸው። እባክዎ ለአዳማ ሣጥን ይጨምሩልን አለቻቸው። አልጨምርም አሉ። በአገሩ ሁሉ የሚወጣው ሦስት መቶ ሣጥን ብቻ ነው፤ ለአዲስ አበባ፣ ለሐዋሳ፣ ለድሬዳዋ፣ ለባሕር ዳር ሲካፈል ለአዳማ የሚደርሳት አምስት ነው። ደግሞ ከዚህ በፊት ሌላ ጌም ሰማንያ ሣጥን ወደ አዳማ ልከው፣ ዋጋው ውድ ነበርና ሰባው አቧራ ለብሶ ተመልሶባቸዋል። ማተሚያ ቤቱ ብዙ ቢያትም ብዙ እጭናለሁ፤ ካላተመ ከየት አምጥቼ ልጨምር አሏት። ፀሐይ በርትቶ ስለነበር እስከ ታክሲው ድረስ የመጋዘኑን ጃንጥላ አዋሷት።

እንግዲህ አከፋፋዩ ሣጥን አልጨምርም አሉ፤ ባለሱቋ ዋጋ አልቀንስም አሉ፤ ጋሽ ይርዳው ገዋኔ ላይ ቆመው ቀሩ።

ማተሚያ ቤቱ ጎተራ አካባቢ ነው። ሣጥኑን የሚያትሙት፣ ፍላሹንም የሚያባዙት አቶ ስንታየሁ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ብዙ ያትሙልን አለቻቸው። አላትምም አሉ። ማሽኑን አስተካክሎ ለማስነሳት የሚወጣው ወጪ ለሦስት መቶም ለሦስት ሺህም ያው ነው። ለሦስት መቶ ሲካፈል እያንዳንዱ ሣጥን ላይ ብዙ ይወድቅበታል፤ ለዚህ ነው ከመነሻው የሚወደደው። ከአንድ ሺህ አምስት መቶ በላይ ቢሆን የአንዱ ሣጥን ወጪ ወደ ሲሶው ይወርዳል። ግን ያልታዘዘ ነገር አትመው የት ያደርሱታል? የጌሙ ባለቤት ይዘዘኝና አያለሁ አሏት። ሻይ አስመጡላት፤ ጠጥታ አመስግና ወጣች።

እንግዲህ ማተሚያ ቤቱ አላትምም አሉ፤ አከፋፋዩ ሣጥን አልጨምርም አሉ፤ ባለሱቋ ዋጋ አልቀንስም አሉ፤ ጋሽ ይርዳው ገዋኔ ላይ ቆመው ቀሩ።

የጌሙ ባለቤት ፊራኦል ይባላል። መገናኛ አካባቢ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቷል። ግድግዳው በመንገድ ፎቶ ተሞልቷል። ምሥራቅ ከፎቶዎቹ አንዱን አይታ ደነገጠች፤ አባቷ የወደቁባት መታጠፊያ ነች። ስለ አባቷ ግን ምንም አልተናገረችም። ጋሽ ይርዳው ማንም ከንፈሩን እንዳይመጥላቸው አስምለዋታል። ብዙ ሣጥን እዘዝ ብቻ አለችው።

አላዝም አለ። ምክንያቱንም ቀስ ብሎ ነገራት። የመጀመሪያ ጌማቸውን ሦስት ሺህ ሣጥን አሳትመው ነበር። ስንት ሰው እንደሚፈልገው ሳይጠይቁ አሳተሙ፤ ዋጋውንም በግምት ቆለሉት። በመጀመሪያው ሳምንት የተሸጠው ሁለት መቶ አይሞላም። ከዚያ በኋላ ዋጋ ቢቀንሱ ማን ይስማቸው፤ ሰው አንዴ አይቶ አልፏል። ጌም የወጣ ሰሞን ካልተሸጠ በቃ አበቃለት አላት። የተረፈው ሣጥን የእናቱን ጋራዥ ሞልቶት ቀረ። ይኼኛውን አራት ዓመት ሠርተውታል፤ ሁለተኛ ቢወድቁ መነሻ የላቸውም። ገዢው አስቀድሞ ስሙን ጽፎ ይስጠኝ፣ ያኔ አዛለሁ አለ። ሹፌሮች ይወዱታል ብለን ነበር የሠራነው፣ አንዳቸውም ግን አልጠየቁንም አለና የጌሙን ትልቅ ፖስተር ጠቅልሎ ሰጣት።

እንግዲህ ፊራኦል አላዝም አለ፤ ማተሚያ ቤቱ አላትምም አሉ፤ አከፋፋዩ ሣጥን አልጨምርም አሉ፤ ባለሱቋ ዋጋ አልቀንስም አሉ፤ ጋሽ ይርዳው ገዋኔ ላይ ቆመው ቀሩ።

ምሥራቅ አዳማ ተመልሳ በማግስቱ የሹፌሮች ማኅበር ግቢ ሄደች። መኪኖች ተደርድረው ጥላቸው ሥር ሹፌሮች ተቀምጠዋል። የማን ልጅ እንደሆነች ሳትናገር ፖስተሩን ዘረጋችላቸው። ዙሪያዋን ከበቧት። ይቺ አዋሽ አይደለችም ወይ፣ ይቺ ሎግያ አይደለችም ወይ እያሉ በጣታቸው ያሳዩ ጀመር። የአንዱ ፊት በራ፤ አንዱ ደግሞ ለልጄ ባሳየኋት አለ፣ እኔ እንዲህ ወር ሙሉ የምጠፋበት ይህ ነው ብዬ።

ከዚያ ዋጋውን ጠየቁ። ሁለት ሺህ አራት መቶ ስትላቸው ፖስተሩን ለቀቁት። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ዋቅጋሪ፣ ጸጉራቸው ነጭ የሆነ ዝምተኛ ሰው፣ ወረቀቱን ራሳቸው አጣጥፈው መለሱላት። ልጄ፣ ነገሩ ደስ ይላል፣ በዚህ ዋጋ ግን ስማችንን አንጽፍም አሏት። መጀመሪያ ባለሱቋ ዋጋ ይቀንሱ።

ምሥራቅ እግሯ እንደመራት ወይዘሮ ሐያት ሱቅ ሄደች። መጀመሪያ ሣጥኑ ይብዛ አሏት። ከሱቁ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። አሁን ገባት፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የተነሣችበት ቦታ ጥሏታል። ሹፌሮቹ ስማችንን አንጽፍም አሉ፤ ፊራኦል አላዝም አለ፤ ማተሚያ ቤቱ አላትምም አሉ፤ አከፋፋዩ ሣጥን አልጨምርም አሉ፤ ባለሱቋ ዋጋ አልቀንስም አሉ፤ ባለሱቋ ዋጋ ስላልቀነሱ ሹፌሮቹ ስማችንን አንጽፍም አሉ። ክፉ ሰው የለበትም። ሁሉም እሺ ለማለት የሚቀጥለውን ሰው ይጠብቃል። አባቷ ገዋኔ ላይ ቆመዋል።

ቤት ስትገባ ጋሽ ይርዳው ፊቷን አይተው ምን ሆንሽ አሏት። የደበቀችውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘረገፈችላቸው። እሷ በዕንባ ስትናገር እሳቸው መሳቅ ጀመሩ። ከአደጋው ወዲህ እንደዚያ ስቀው አያውቁም። ይህማ የአፋፍ መንገድ ነው አሏት፤ ጠባብ ቦታ ላይ ስድስት መኪና ይፋጠጣል፣ ሁሉም አንተ ቅደም ይላል፣ ማንም አይነቃነቅም። አንዱ ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ቢል ሁሉም ያልፋል።

ደብተር አምጪ አሏት። አንድ ገጽ ቀደው በዚያ በትልልቁ ጽሕፈታቸው ጻፉበት፤ «ይርዳው በላቸው። አንድ ሣጥን። ዋጋው ዘጠኝ መቶ ከሆነ እገዛለሁ።» ፈረሙበት።

ምሥራቅ ስምዎ እንዳይነሳ አስምለውኝ አልነበረም ወይ አለቻቸው።

«ያልኩሽ እንዳትለምኚብኝ ነው» አሉ። «ይህ ልመና አይደለም። ሰው የሚፈልገውን በሚችለው ዋጋ ይናገር ነው ያልኩት። እኔ ከተናገርኩ ሌላውም ይናገር ይሆናል።»

በማግስቱ ገጹን ይዛ ማኅበሩ ግቢ ተመለሰች። ጋሽ ዋቅጋሪ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡ። አንድ ጊዜ ደግመው አነበቡ። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት፤ የይርዳው ልጅ ነሽ ወይ አሏት። ነኝ አለች። እንዴት ነው ብለው ጠየቁ፤ ደህና ናቸው አለች። ከአደጋው በኋላ ሁሉም እየመጣ ጋሽ ይርዳውን ይጠይቅ ነበር። በኋላ እሳቸው ሰው ፊት መቅረብ ሲከብዳቸው እንግዳው ቀስ በቀስ ቀረ። ጋሽ ዋቅጋሪ ወረቀቱን እንደያዙ ተነሡ። ከዚያ ወደተሰበሰቡት ሹፌሮች ዞሩ።

«መኪናዬ ዲቼቶ በረሃ ላይ ስትበላሽ ይህ ሰውዬ ሦስት ቀን አጠገቤ ቆሟል» አሉ። «ሂድ፣ ጭነትህ ይዘገያል ብዬ ብለምነው እምቢ አለኝ። ውሃውን ለሁለት ከፍሎ ነው ያጠጣኝ። እስከ ዛሬ በቅጡ አላመሰገንኩትም።»

እስክሪብቶ ጠየቁ። ከጋሽ ይርዳው ስም ሥር የራሳቸውን ጻፉ፤ አንድ ሣጥን፣ ዋጋው ዘጠኝ መቶ ከሆነ። ቀጥሎ አንዱ ይርዳው መንገድ ላይ ጎማ ቀይሮልኛል ብሎ ጻፈ። ሌላው ይርዳውን አላውቀውም፣ ግን በዘጠኝ መቶ እኔም እፈልገዋለሁ ብሎ ጻፈ። ገጹ ሞላ፤ ሌላ ገጽ ተቀደደ። ወደ ሞጆ የሚሄድ አንድ ገጽ ይዞ ሄደ፤ ወደ ሚሌ የሚወርድ አንድ ገጽ ይዞ ወረደ፤ ኮምቦልቻም ሰመራም ገጽ ደረሰ። በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ ስም ተሰበሰበ። ከአዳማ ብቻ አራት መቶ አሥራ ሁለት ነበር።

ምሥራቅ ወረቀቶቹን በፌስታል ይዛ አራት ፎቅ ወጣች። ፊራኦል ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠ። አንዳንዱ ላይ ዘይት የነካው ጣት አሻራ አለበት፤ አንዱ ሹፌር ገጹ ጀርባ ላይ፣ የዲቼቶው ነዳጅ ማደያ በስተግራ ነው ወይስ በስተቀኝ ያደረጋችሁት ብሎ ጠይቋል። ፊራኦል ገጾቹን በጥንቃቄ ደርድሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ እግዚአብሔር ይስጣቸው አለና ስልኩን አነሣ።

ያን ጊዜ የተቋጠረው ሁሉ ተፈታ። ሹፌሮቹ ስማቸውን ጽፈዋልና ፊራኦል ሁለት ሺህ ሣጥን አዘዘ፤ ፊራኦል አዟልና ማተሚያ ቤቱ በሲሶ ወጪ አተመ፤ ማተሚያ ቤቱ አትሟልና አከፋፋዩ በርካሽ ጫኑ፤ አከፋፋዩ ጭነዋልና ወይዘሮ ሐያት የዋጋውን ወረቀት ከመስኮታቸው ላይ ገንጥለው ዘጠኝ መቶ ብለው ለጠፉ። ለአዳማ የመጣው አምስት ሣጥን አልነበረም፤ አራት መቶ ሃምሳ ነበር።

ጌሙ የወጣው ቅዳሜ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ሹፌሮች ከነቤተሰባቸው ተሰለፉ። ጌም ሱቅ ገብተው የማያውቁ ሰዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው ይገቡ ነበር። ወይዘሮ ሐያት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሦስት መቶ አሥር ሣጥን ሸጡ። አምስቱን ሣጥን እያንዳንዱን በሁለት ሺህ አራት መቶ ብር ሸጠው ቢሆን ከሚያገኙት በብዙ በለጠ፤ አልሐምዱሊላህ እያሉ ወገባቸውን ይዘው ተቀመጡ። በየከተማው የሆነውም ይኸው ነው። በሳምንቱ መጨረሻ አቶ ስንታየሁ ማሽናቸውን እንደገና አስነሱ።

ጋሽ ይርዳው በክራንች ሆነው ሱቁ ድረስ መጡ። ወይዘሮ ሐያት በነፃ ይውሰዱ አሏቸው። ስሜን የጻፍኩት በዘጠኝ መቶ ነው ብለው ከፈሉ፤ እጃቸውንም ይዘው አመሰገኗቸው።

ከሰዓት በኋላ ቤታቸው በሰው ሞላ፤ ከማኅበሩ ቢሮ በውሰት የመጣ ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ዋቅጋሪ ከኋላቸው ወንበር ላይ፣ ሌሎቹ ሹፌሮች አልጋው ላይና ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ይርዳው ከጭነቶቹ ዝርዝር ውስጥ ቦሎቄ መረጡ። ሞተሩ ሲነሣ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። መተሐራን ሲያልፉ ሐይቁ መንገዱን ተጠግቶታል ብለው ተከራከሩ። አዋሽ ላይ አንዱ ፍጥነት ቀንስ፣ ኬላ አለ አላቸው፤ ቀነሱ። ገዋኔን ሲያልፉ አልጋው ላይ የተቀመጡት ተነሥተው ቆሙ።

መታጠፊያዋ መጣች። ጋሽ ይርዳው ሁለት ማርሽ አወረዱ። መኪናው ከነተሳቢው ቀስ ብሎ ዞረ፤ አሸዋው በስተቀኝ አለፈ፤ መንገዱ ተቃና።

«አለፍኳት» አሉ።

ጋሽ ዋቅጋሪ ትከሻቸውን ያዝ አደረጓቸው። ከዚያ በኋላ ሚሌ፣ ሎግያ፣ ዲቼቶ፣ ጋላፊ እያሉ ወረዱ። ወደቡ ሲደርሱ ኮምፒውተሩ ጭነቱ ተራግፏል የሚል ጽሑፍ አወጣ። ጋሽ ይርዳው እጃቸውን ከኪቦርዱ አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ተመስገን አሉ። ከዚያ ሁሉንም በየተራ ጠሩ፤ ሐያት ዋጋ ቀንሰውልኛልና እግዜር ይስጣቸው፤ ግርማቸው ሣጥን ጭነውልኛልና እግዜር ይስጣቸው፤ ስንታየሁ አትመውልኛልና እግዜር ይስጣቸው፤ ያ ልጅ አምኖን አዟልና እግዜር ይስጠው፤ እናንተ ስማችሁን ከስሜ ሥር ጽፋችኋልና እግዜር ይስጣችሁ። ወደ ምሥራቅ ሲደርሱ ጭንቅላቷን ወደ ራሳቸው ስበው ሳሟት።

ጋሽ ዋቅጋሪ በል እንግዲህ ደክሞሃል፣ አጥፋውና አረፍ በል አሏቸው።

«ምን ማለትህ ነው?» አሉ ጋሽ ይርዳው። «ባዶዬን አልመለስም። መመለሻ ጭነት ፈልጉልኝ።»

ሹፌሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ማዳበሪያ ጫን፣ ብረት ጫን፣ ስንዴ ጫን እያሉ ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጉ።

የእኔም ነገር እዚህ ላይ ቆመ፤ እስከዚህ ድረስ አብራችሁኝ የተጓዛችሁ ሁሉ ተባረኩ።